ከወገብ ተነሥቶ እግር ለሚወርድ ሕመም፦ በምስል የሚመራው መርፌ

ከሳዑዲ ዓረቢያዋ ጂዛን ከተማ ወደ ፈይፋና አድ-ዳይር ተራሮች ሲወጣ በእርከን ላይ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ፣ ሸክም ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ኢትዮጵያዊ ይገኛል። ወገቡን ሲይዘው የሚቀናው ማስታገሻ ውጦ ሥራውን መቀጠል ነው። ሕመሙ ግን ከቂጥ ተነሥቶ በባት አድርጎ እግር ጣት ከደረሰ ነገሩ የጡንቻ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። የሳዑዲ ሐኪሞች ዒርቅ አን-ነሳ ይሉታል፤ እኛ በአጭሩ «ዲስክ» እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ የነርቭ ሥር ነክቷል። ነርቩ በመጫን ብቻ አይታመምም፤ ከዲስኩ በሚወጣው ንጥረ ነገር ይቆጣል፣ ያብጣልም።

መርፌው የሚሰጠው ለዚህ ቁጣ ነው። ስቴሮይድና ማደንዘዣ ከአከርካሪ ነርቮች ሽፋን ውጭ ባለው ጠባብ ክፍተት፣ በኤፒዱራል፣ ይገባል። ዲስኩን ወደ ቦታው አይመልስም። ሰውነት ራሱ እስኪያገግም ግን ጊዜ ይገዛል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይሻለዋል።

መግቢያው ሦስት ዓይነት ነው። ጥንታዊው ከጅራት አጥንት በላይ ባለችው ቀዳዳ የሚገባው ኮዳል ሲሆን፣ ሲካርና ካተላን በ1901 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያስተዋወቁት ነው። መድኃኒቱ ከታች ወደ ላይ ስለሚጓዝ ብዙ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ቀደም ሲል ወገቡ ላይ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ግን ይመረጣል። ኢንተርላሚናር በጀርባ መሐል በሁለት አጥንቶች መካከል ያልፋል። ትራንስፎራሚናል ደግሞ ከጎን መጥቶ ነርቩ ወደሚወጣባት ቀዳዳ ይቀርባል፤ የታመመው አንድ ሥር ብቻ ሲሆን እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው።

በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ከተሰጡት መርፌዎች ከኮዳሉ 25 በመቶ፣ ከወገቡ 30 በመቶ ያህሉ ቦታቸውን ስተዋል። ለዚህ ነው ምስል የሚያስፈልገው። በፍሎሮስኮፒ (በስክሪን ቀጥታ በሚታይ ኤክስሬይ) ታካሚው ሆዱ ሥር ትራስ ተደርጎለት በደረቱ ይተኛል፤ ሐኪሙ ቀጭን መርፌ እያስገባ አጥንቱን በስክሪን ያያል። ከመድኃኒቱ በፊት ትንሽ የንፅፅር ፈሳሽ ይገፋል። ፈሳሹ ነርቩን ተከትሎ እንደ ክር ከተዘረጋ ቦታው ትክክል ነው፤ ብልጭ ብሎ ከጠፋ የደም ሥር ውስጥ ገብቷልና መርፌው ይስተካከላል። ሲቲ ስካን አጥንቱንና ዙሪያውን አጥርቶ ያሳያል፤ ነገር ግን ፈሳሹ ሲፈስ በዚያው ቅጽበት ለመከታተል ፍሎሮስኮፒ ይሻላል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ ለኮዳል ጥሩ ነው፤ አጥንት ስለሚጋርደው ግን በጥልቀት ላለው ሥር ብቻውን አይበቃም።

መንገዱ ለውጤቱ ያለውን ክብደት አውስትራሊያ ውስጥ በ150 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ያሳያል። ስቴሮይድ በትራንስፎራሚናል ከተሰጣቸው 54 በመቶው በአንድ ወር ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል፤ ያንኑ ስቴሮይድ በጡንቻ ከተወጉት ይህን ያገኙት 21 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቂጥ ላይ የሚወጋው መርፌ ከዚህኛው ጋር አንድ አይደለም።

አደጋውም አይካድም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 እ.ኤ.አ. ስቴሮይድ በኤፒዱራል ሲሰጥ በጣም አልፎ አልፎ ሽባነትን ጨምሮ ከባድ የነርቭ ጉዳት እንደሚከተል አስጠንቅቋል። ጥቃቅን ቅንጣት ያለው ስቴሮይድ የደም ሥር ሊዘጋ ስለሚችል ብዙ ሐኪሞች በትራንስፎራሚናል ዴክሳሜታዞንን ይመርጣሉ፤ የሚሰጣችሁን ስም ጠይቁ። ስኳር ያለበት ሰው ለቀናት ስኳሩ ከፍ ይልበታል፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድም አስቀድሞ ይናገር።

ሽንት መሽናት ካቃተ ወይም ካመለጠ፣ በእግሮች መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም እግር ድንገት ከዛለ ግን መርፌ መጠበቅ የለም። ይህ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለውም ቢሆን በፍርሃት ቤት አይቀመጥ፤ ወደ አምቡላንስ 997 ይደውል ወይም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።