ኢቫንፓ፦ ማለዳ ጋዝ የሚያነደው የፀሐይ ማመንጫ

በካሊፎርኒያው ሞሃቪ በረሃ፣ ከኔቫዳ ድንበር አጠገብ፣ 140 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሦስት ማማዎች ቆመዋል። ዙሪያቸውን ከ170 ሺህ በላይ ተሸካሚዎች ተተክለዋል፤ እያንዳንዱ ጥንድ መስተዋት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የኢቫንፓ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይህ ነው።

መስተዋቶቹ በኮምፒውተር እየታዘዙ ፀሐይን ቀኑን ሙሉ ይከተላሉ፤ ብርሃኗንም ማማው ጫፍ ላይ ወዳለው ቦይለር ይመልሱታል። ውሃው ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል። እስከዚህ ድረስ የሚቃጠል ነገር የለም።

ጋዙ የሚመጣው ማለዳ ላይ ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዙት ቦይለሮችና ቧንቧዎች ፀሐይ ስለወጣች ብቻ ወዲያው ሥራ አይጀምሩም፤ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ረዳት ቦይለር ቀድሞ ያሟሙቃቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ጋዝ 46 ሺህ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቷል። በካሊፎርኒያ ሕግ በዓመት 25 ሺህ ቶንና ከዚያ በላይ የሚለቅ ተቋም ለልቀቱ ፈቃድ ማቅረብ ስላለበት፣ ኢቫንፓም ከዚህ ግዴታ አላመለጠም።

ብርሃንን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት የሶላር ፓኔሎች እንዲህ ያለ ማሟሟቂያ አይሹም። ልቀታቸው በአብዛኛው ሲሊከኑ፣ መስተዋቱና አሉሚኒየሙ በፋብሪካ ሲመረቱ ያለቀ ነው። ሥራ ከጀመሩ በኋላ የሚቀረው የጥገና መኪኖች ነዳጅና ከከፍተኛ ቮልቴጅ ብሬከሮች ሊያመልጥ የሚችለው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ነው። የዚህ ጋዝ 1 ኪሎ በመቶ ዓመት ውስጥ ከ20 ሺህ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ሙቀት ያስከትላል፤ ስለዚህ ትንሿም ፍሳሽ ክትትል ትሻለች።

ጠቅላላው ሒሳብ ግን ለፀሐይ ያደላል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት ፓነል (አይፒሲሲ) እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ከግንባታ እስከ ማፍረስ ያለው ሁሉ ተደምሮ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት የድንጋይ ከሰል ማመንጫ 820፣ የጋዝ ማመንጫ 490፣ ትልልቅ የሶላር ፓኔል ጣቢያዎች 48 ግራም ያህል ይለቃሉ። በመስተዋት ሙቀት የሚሰበስቡት ደግሞ 27 ግራም።

የማለዳውንም ጋዝ መቀነስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በስፔን የተከፈተው ጌማሶላር የቀኑን ሙቀት በቀለጠ ጨው ያከማቻል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም እስከ 15 ሰዓት ድረስ ያመነጫል። ኢቫንፓ ግን ያለ ማከማቻ ነው የተገነባው። እንግዲህ አዲስ የፀሐይ ማመንጫ ሲታቀድ ማለዳ በምን እንደሚሞቅና ብሬከሮቹ ምን ጋዝ እንደያዙ ከወዲሁ ይጠየቅ። የፀሐይ ኃይል ልቀቱን አንድም ሳያስቀር ቆጥሮ ቢያሳይም ከከሰልና ከጋዝ ጋር ለመወዳደር የሚያሳፍረው ቁጥር የለውም።