ልጆች ውስጡን የሚያዩት የእንጨት ድምፅ ማጉያ

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት ካርቱም ዴም ሰፈር የኖረ ሀበሻ የሰርግ ቤቱን ሞንታርቦ ያስታውሳል። (ሞንታርቦ የኢጣሊያ ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ትልልቁን ስፒከር ሁሉ በዚያው ጠርተነው ቀረን።) መብራት ሲጠፋ ግን ሞንታርቦውም ዝም ነው፤ ጄኔሬተር ያለው ብቻ ይጨፍራል። እኛ አስተማሪዎች የነበረን 80 ተማሪ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ የደረቀ ጉሮሮና አንድ ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ነበር። ኋላ የተቀመጡት ልጆች ግማሹን ትምህርት ከከንፈራችን እንቅስቃሴ ይገምቱ ነበር።

መፍትሔው በአገራችን መለከት ላይ አለ። ጠባብ ተጀምሮ አፉ የሚሰፋ ነገር ትንሽ ትንፋሽን ሩቅ ያደርሳል። ተራ ስፒከር ከሚበላው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በደንብ የተሠራ ቀንድ ግን 10 በመቶና ከዚያም በላይ ይለውጣል። የድሮ ሲኒማ ቤቶች በጥቂት ዋት ብቻ አዳራሽ የሚሞሉት በዚህ ነበር።

አሠራሩ እንግዲህ እንዲህ ነው። ሁለቱ ጎኖች ጠፍጣፋ ናቸው፤ የሚጎብጠው ላይና ታቹ ብቻ ነው። በጎኑ ሳንቃ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምረን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቁመት እንለካለን፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64። ነጥቦቹን ስናገናኝ የቀንዱ ቅርጽ ይወጣል። ወርዱ ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጎባጣው ስስ ኮምፔርሳቶ በውሃ አርሶ ማጠፍ ይበቃል። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ መዳፍ የሚያህል ስፒከር በጠባቡ ጫፍ ይገባል፤ ጀርባው በትንሽ ሳጥን ይዘጋል። አየር የሚያሾልክ ስንጥቅ ካለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በኮላ መድፈን ነው።

አንደኛው ጎን ታዲያ እንደ መስተዋት በሚያሳይ ፕላስቲክ ይሠራል። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! ሰሌዳ ላይ «እጥፍ እጥፍ እያለ ያድጋል» ብለን ስንጽፍ ያልገባው ልጅ፣ በዚያ መስኮት 2 ሲል 4፣ 4 ሲል 8 ሲሆን በዓይኑ ያየዋል። ለእኛ ከድምፁ ይልቅ ይኼ ይበልጥብናል። ፕላስቲኩ ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግን እየተንቀጠቀጠ ያንጫጫል።

ለከበሮ አትመኙት። ይህን የሚያህል ቀንድ በሰከንድ ከ200 ንዝረት በታች ላለው ወፍራም ድምፅ ብዙም አይረዳም፤ ለንግግር ነው የሚሆነው። አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ ለወፍራሙ ድምፅ ብሎ ቀንዱን በእንጨት ሳጥን ውስጥ አጣጥፎ የክፍሉን ማዕዘን የቀንዱ ማራዘሚያ አደረገው፤ እሱ እንኳ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነበር የወጣው።

የካርቱም ፀሐይ ፕላስቲክ ያጣምማል፤ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሃቡብ ሲነሳ አፉን በአሮጌ ነጠላ ሸፍኑት፤ አቧራው መግባቱም ቢሆን በመስኮቱ ይታያል። በካምፕ ለውሃና ለራሽን ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ካለ አፉን ከቁመተ ሰው ከፍ አድርጎ ይስቀለው፤ ፊት ያለው ሕዝብ ድምፁን ይውጠዋልና።