አምቡላንስ ሲመጣ አረንጓዴው መብራት መቼ ይብራ?

እስቲ ይህን አስቡት። አምቡላንስ ሕመምተኛ ጭኖ ወደ መስቀለኛ መንገድ እየከነፈ ነው። ለእሱ ቀይ በርቷል፣ ለጎኑ መንገድ ደግሞ አረንጓዴ። ከጎን የሚመጣው ሹፌር መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ ከፍቷል፤ ሳይረኑን አልሰማም። ሕይወት ለማዳን የወጣው መኪና ራሱ ሊጋጭ ነው።

«ታዲያ አምቡላንሱ ሲደርስ መብራቱን አረንጓዴ ማድረግ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን «ሲደርስ» ከሆነ ረፍዷል። ለምን? አብረን እናስላው።

አንድ እግረኛ አምቡላንሱ የሚመጣበትን መንገድ በዜብራ መሻገር ጀምሯል እንበል። መንገዱ 12 ሜትር ስፋት ቢኖረውና እግረኛው በሰከንድ 1.2 ሜትር ቢራመድ፣ ተሻግሮ ለመጨረስ 10 ሰከንድ ይፈልጋል። ከዚያ ለጎን መኪኖች 3 ሰከንድ ቢጫ ይበራል። ቀጥሎ መሃል ላይ የቀሩት እንዲወጡ ለ2 ሰከንድ በሁሉም አቅጣጫ ቀይ ይሆናል። አላለቀም! ከአምቡላንሱ ፊት 10 መኪኖች ተሰልፈዋል። አረንጓዴ ሲበራ እያንዳንዳቸው 2 ሰከንድ ቢወስዱ፣ ሌላ 20 ሰከንድ። ድምሩ 35 ሰከንድ ነው።

አምቡላንሱ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 15 ሜትር ቢጓዝ፣ በ35 ሰከንድ 525 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ መብራቱ አምቡላንሱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ መምጣቱን ማወቅ አለበት።

በምን ያውቃል? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣው ኦፕቲኮም የተባለው ዘዴ ብርሃን ይጠቀማል። መኪናው ላይ ያለው መብራት በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ሲል፣ ከትራፊክ መብራቱ አጠገብ የተሰቀለው ሴንሰር «አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ነው» ብሎ ይለያል። በሰከንድ 10 ጊዜ ከሆነ ደግሞ አውቶቡስ ነው፤ ቅድሚያው ዝቅ ይላል። ግን ብርሃን መታጠፊያ ዞሮ አያይም፤ ትልቅ የጭነት መኪናም ይጋርደዋል።

ለዚህ ነው አዳዲሶቹ ዘዴዎች ጂፒኤስና ሬዲዮ የሚጠቀሙት። አምቡላንሱ ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ይልካል፤ መቆጣጠሪያውም እኛ ቅድም እንዳሰላነው መድረሻ ሰዓቱን ያሰላል።

ልብ በሉ፣ አምቡላንሱ የጎኑን መንገድ አረንጓዴ ሊያሳጥር ይችላል፤ ቢጫውን ግን አይቆርጥም። ቢጫው ከተዘለለ፣ በሙሉ ፍጥነት የሚመጣ ሹፌር ለመቆም ጊዜ አይኖረውም። አንዱን ለማዳን ሌላውን መግጨት ይሆናል።

«እኔም መኪናዬ ላይ ልግጠመው» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ጠፍቶም አያውቅም፤ አሜሪካ ያልተፈቀደለት ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዳይጠቀም በ2005 በፌደራል ሕግ ከልክላለች። አዳዲሶቹ መሣሪያዎችም መልእክቱን ከመቀበላቸው በፊት የመኪናውን መለያ ኮድ ያጣራሉ።

ይህ ሁሉ ተገጥሞም አምቡላንሱ መስቀለኛው ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ግራ ቀኙን ማየቱ አይቀርም። እናንተም ሳይረን ከሰማችሁ፣ ተራው የእናንተ ቢሆንም እንኳ ዜብራው ላይ አትውጡ። ካሰላነው 35 ሰከንድ ውስጥ 10ሩ የእግረኛው ነበር፤ ዳር ላይ ከጠበቃችሁ አምቡላንሱ መንገዱን ክፍት ያገኛል።