የንግድ ሥራ ገቢ ግብርና ተቀናሽ ወጪዎች በኢትዮጵያ

የንግድ ሥራ ገቢ ግብር በኢትዮጵያ ውስጥ ነጋዴዎችና ድርጅቶች በአንድ የግብር ዓመት ከንግድ ሥራ ባገኙት ገቢ ላይ የሚከፍሉት ቀጥተኛ ግብር ነው። የሚመራው በፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ሐ» ሲሆን፣ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ግብር በመሠረቱ የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ ሳይሆን ወጪው ተቀንሶ ከሚቀረው ትርፍ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ ነጋዴ የሚደርስበት የግብር መጠን በማስረጃ ሊያረጋግጥ በሚችለው ወጪ ላይም የተመሠረተ ነው።

የግብር ከፋዮች ደረጃ

በ2008ቱ አዋጅ ግብር ከፋዮች «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ተከፍለው ነበር። የ2017ቱ ማሻሻያ ደረጃዎቹን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጓል። ድርጅቶች፣ እንዲሁም ዓመታዊ ሽያጫቸው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰብ ነጋዴዎች ደረጃ «ሀ» ናቸው። ከዚያ በታች የሚሸጡ ግለሰቦች ደረጃ «ለ» ሲሆኑ፣ ግብራቸው በዓመታዊ ሽያጫቸው ላይ ተመሥርቶ ይሰላል። ከዚህ በታች የተገለጸው የወጪ ቅነሳ በዋናነት የሚመለከተው በትርፍ ላይ ግብር የሚከፍሉትን ነው።

ተቀናሽ ወጪዎች

አንድ ወጪ ተቀናሽ የሚሆነው ገቢውን ለማግኘት፣ ለማስጠበቅና ለማስቀጠል አስፈላጊ ሲሆን ነው። ከተለመዱት መካከል፦

* ለሽያጭ የተገዛ ዕቃ ወይም ጥሬ ዕቃ ዋጋ
* የሱቅ ወይም የቢሮ ኪራይ፣ መብራትና ውሃ
* የሠራተኛ ደመወዝና አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ
* የትራንስፖርት፣ የጥገናና የማስታወቂያ ወጪ

የማይቀነሱ ወጪዎች

የግል ፍጆታ፣ የመንግሥት ቅጣትና ራሱ የገቢ ግብሩ አይቀነሱም። የሱቁ ባለቤት ከዕለት ሽያጩ ላይ አንስቶ ለቤቱ አስቤዛ ወይም ለልጁ ትምህርት ቤት ቢከፍል፣ ገንዘቡ ከሱቁ ቢወጣም የንግድ ወጪ አይባልም። የግልና የሥራ ገንዘብ በአንድ የባንክ ሂሳብ ሲደባለቅ ሁለቱን በኋላ ለይቶ ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል።

የእርጅና ቅናሽ

ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ንብረት ዋጋ በተገዛበት ዓመት በአንድ ጊዜ አይቀነስም፤ በየዓመቱ እየተከፋፈለ ይቀነሳል። በገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት የኮምፒውተር ምጣኔ በቀጥተኛ ዘዴ 20 በመቶ ነው። በ50,000 ብር የተገዛ ኮምፒውተር ለሙሉ ዓመት ለንግዱ ብቻ ካገለገለ 10,000 ብር ይቀነስለታል።

ደረሰኝ

ወጪ በእርግጥ መከፈሉ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሕጋዊ ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል። ለግለሰብ ከፍተኛው የግብር ምጣኔ 35 በመቶ ነው። እዚህ ምጣኔ ላይ የደረሰ ነጋዴ የ10,000 ብር ወጪው በደረሰኝ ጉድለት ውድቅ ቢሆንበት 3,500 ብር ተጨማሪ ግብር ይከፍላል። ያለ ደረሰኝ በርካሽ የተገዛ ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ደንበኛ ድርጅት ከክፍያ ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ቅድመ ግብርም ከዓመቱ ግብር ላይ ስለሚታሰብ፣ ደረሰኙ መጠበቅ አለበት።

ኪሳራ

አዲስ ንግድ በመጀመሪያው ዓመት ሊከስር ይችላል። ሕጉ ኪሳራው እስከ 5 ዓመት ተሸጋግሮ ከሚቀጥሉት ዓመታት ትርፍ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ማሸጋገር የሚቻለው የሁለት የግብር ዓመታትን ኪሳራ ብቻ ነው። የከሰረ ነጋዴም ቢሆን ሂሳቡን ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ማሳወቂያ ጊዜና ቅጣት

የመንግሥት በጀት ዓመትን የሚከተል የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ሂሳቡን ሰኔ 30 ዘግቶ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ያሳውቃል፣ ይከፍላል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ዘግይቶ ማሳወቅ ካልተከፈለው ግብር ላይ 5 በመቶ፣ እየቆየም እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል። መያዝ ያለበትን መዝገብ አለመያዝ ደግሞ የግብሩን 20 በመቶ ያስቀጣል። ቅጣቱ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ወጪ ሊቀነስ አይችልም።