የዛለ እጅን ያበረታ መሣሪያ ለጤነኛ አእምሮ ይሰጥ?

ከዳላስ በስተሰሜን፣ ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ፣ ማይክል ኪልጋርድ የተባሉ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥያቄ ይዘው ለዓመታት ሠርተዋል። አእምሮ በየቀኑ ከሚያያቸውና ከሚሰማቸው እልፍ ነገሮች መካከል አንዱን ለይቶ እንዲይዝ የሚያደርገው ምንድን ነው? ፍለጋው የራስ ቅልን መክፈት ሳያስፈልግ ወደ አንገት መራቸው።

እዚያ ያለው ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ልብ፣ ሳንባና ሆድ ዕቃ ይወርዳል። አብዛኞቹ ክሮቹ መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው፤ የውስጥ አካላት በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ለአንጎል ይነግራሉ። ይህ ነርቭ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ሲነካ አንጎል ኖርኢፒነፍሪንና አሲታይልኮሊንን የመሳሰሉ ኬሚካሎችን ያመነጫል። ኬሚካሎቹ በዚያው ቅጽበት ሥራ ላይ የነበሩትን የነርቭ ሕዋሳት ትስስር ያጠነክራሉ፤ መምህር ከረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንዱን መስመር በቀይ እንደሚያሰምርበት ማለት ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚቆየው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ መምጣት ያለበትም ሰውየው የሚማረውን ነገር እየሠራ ሳለ ነው። ልምምድ ከሌለ መሣሪያው ብቻውን ምንም አያስተምርም።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ጆሯቸው ላይ ጭውታ እንዳለ የሚያሳዩ አይጦችን ሁኔታ በዚህ ዘዴ ማሻሻል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወደ ስትሮክ ተሻገሩ። ከዩኒቨርሲቲው ምርምር የወጣው ማይክሮትራንስፖንደር የተባለ ኩባንያ መሣሪያውን ሠራ። መሣሪያው በቀዶ ሕክምና ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ቀጭን ሽቦው ወደ ግራ አንገት ይሄዳል። ታማሚው ኩባያ ለማንሳት ወይም ቁልፍ ለማዞር ሲሞክር ባለሙያው የመሣሪያውን ማስነሻ ይጫናል።

በ2021 ላንሴት ላይ የታተመው ሙከራ 108 ሰዎችን ያካተተ ነበር፤ ሁሉም ስትሮክ ከያዛቸው ወራትና ዓመታት ያለፋቸው ናቸው። መሣሪያው ለሁሉም ተገጠመ፤ ሁሉም ተመሳሳይ የእጅ ልምምድ ሠሩ፤ እውነተኛውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ያገኙት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ክሊኒክ ውስጥ የተሰጠው ልምምድ ካበቃ ከ90 ቀን በኋላ ሲለካ፣ ንዝረቱን ካገኙት 47 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 24 በመቶው በኑሯቸው ለውጥ የሚያመጣ መሻሻል አሳይተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ፈቃድ ሰጠ። ደም ግፊት በስትሮክ ስንቱን አባትና እናት አልጋ ላይ እንዳስቀረ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ትልቅ ዜና ነው። የሥነ ምግባር ክርክርም አያስነሣም።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ታሪክ ነው። ዳርፓ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት በ2017 ስምንት የምርምር ሥራዎችን በገንዘብ መደገፍ ጀመረ። ግቡ ነርቭን በማነቃቃት ጤነኛ ሰው ሙያ የሚማርበትን ፍጥነት ቢያንስ በ30 በመቶ ማሳደግ ነበር፤ ቋንቋ፣ የተኩስ ዒላማና የስለላ መረጃ ትንተና ከታሰቡት ሙያዎች ውስጥ ናቸው። የኪልጋርድ ቡድን ድርሻ የውጭ ቋንቋ ትምህርት ሆነ። የስትሮክ ታማሚን እጅ ያንቀሳቀሰው ዘዴ አሁን በጤነኛ ሰው አእምሮ ውስጥ ቃላትን እንዲያሰርጽ ተጠየቀ።

ያለ ቀዶ ሕክምናም መሞከር ይቻላል፤ ቫገስ ወደ ጆሮ የሚዘልቅ ቅርንጫፍ አለውና። በ2020 የፒትስበርግና የሳንፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች የማንዳሪን ቻይንኛን ድምፀቶች ከሚማሩ 36 እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለከፊሎቹ በውጭ ጆሯቸው በኩል የማይሰማ ንዝረት ሰጡ። ንዝረቱ ለመለየት ቀለል ካሉት ድምፀቶች ጋር የተጣመረላቸው ተማሪዎች ንዝረት ካላገኙት በአማካይ 13 በመቶ ተሻሉ። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም በተግባር እንደሚሠራ ያመለክታል።

በዳላስ አካባቢ ባሉት ጋርላንድና ሪቻርድሰን ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ወገን ይህን ሲያነብ ወዴት እንደሚያስብ መገመት አይከብድም። በአማርኛ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» መለየት ያቃተው ልጅ በየቤቱ አለ። ለእነዚህ ወላጆች ያለኝ ምክር ግን ግልጽ ነው፤ የጤነኛ ልጅን ነርቭ አትንኩ። ገና እያደገ ባለ አንጎል ላይ አንዱን ትስስር ማጠንከር ሌላውን ምን እንደሚያደርገው በበቂ አልተጠናም፤ ልጁም ለራሱ ፈቃድ የሚሰጥበት ዕድሜ ላይ አይደለም። ደግሞም ተፈጥሮ ቀድማ ሰጥታዋለች። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የየትኛውንም ቋንቋ ድምፅ መለየት ይችላል፤ ይህ ችሎታ ወደ መጀመሪያው ልደቱ ሲቃረብ በሚሰማው ቋንቋ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። አማርኛ በእነዚያ ወራት ከእናትና ከአባት አፍ ከተሰማ ያለ ምንም መሣሪያ ይገባል።

ለአዋቂስ? ጤነኛ አካልን ማሻሻል በራሱ ኃጢአት ነው የሚለውን አልቀበልም። አባቶቻችን ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ወስደው ጤነኛውን ይከትቡ ነበር፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ይህን በሰሜን ኢትዮጵያ አይተው ጽፈዋል። ክትባት ያልታመመን ሰው ተፈጥሮ ካደለችው በላይ ማጠንከር ነው፤ ዛሬ ማንም አይቃወመውም ለማለት ባይቻልም ስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ እናውቃለን። እኔን የሚያሳስበኝ እምቢ የማለት መብት ነው። ወታደር አለቃው «ይህን ጆሮህ ላይ አድርግ» ሲለው ምን ያህል ነፃ ነው? መሣሪያው የሚገጠምበት ቀዶ ሕክምና ደግሞ ድምፅን ሊያጎረንን፣ ሳል ወይም ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ስትሮክ የጎዳው ሰው ይህን አመዛዝኖ ሊቀበል ይችላል፤ ጤነኛው ሠራተኛ ግን ለማን ጥቅም ይቀበለው?

ስጋቴ ከአየር የመጣ አይደለም። ሞዳፊኒል የሚባለው መድኃኒት በአሜሪካ በ1998 የተፈቀደው በቀን ድንገት እንቅልፍ ለሚጥላቸው ታማሚዎች ነበር። በ2004 ፈቃዱ ሰፍቶ በፈረቃ ሥራ ምክንያት እንቅልፋቸው የተዛባባቸውን ሠራተኞች ጨመረ። ችግሩን የፈጠረው የሥራው ሰዓት ነው፤ መድኃኒቱን የሚውጠው ግን ሠራተኛው ነው። በዳላስ ፎርትዎርዝ አየር ማረፊያ፣ በሆስፒታልና በመጋዘን ሌሊቱን የሚያነጉ፣ ሁለት ሥራ ደርበው የሚሠሩ ስንት ወገኖች አሉን! ነገ ቋንቋ ወይም ማሽን በፍጥነት የሚያስተምር መሣሪያ ገበያ ላይ ሲውል፣ «በፈቃደኝነት» የሚለው ቅጽ መጀመሪያ የሚቀርበው ሥራውን ማጣት ለማይችለው ሰው ነው።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። እዚሁ ዳላስ ተሠርቶ በ2025 በታተመ ጥናት፣ ሌላ ሕክምና ያልረዳቸው 9 የከባድ ሥነ ልቦና ጉዳት ታማሚዎች ቫገሳቸው እየተነቃ የንግግር ሕክምና ወሰዱ፤ ከስድስት ወር በኋላም አንዳቸውም የሕመሙን መስፈርት አያሟሉም ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ቢሆንም ጦርነት አይቶ ለተሰደደ ሰው ተስፋ ነው። ይኸው ዘዴ ገና ወደ ግንባር ለሚሄድ ወታደር ፍርሃትን አስቀድሞ ለማጥፋት ይዋል ቢባል ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ፍርሃት ሰው ራሱንና ሌላውን የሚጠብቅበት ነውና።

የአሜሪካ ሕግ በ2008 አሠሪዎች የሠራተኛን የዘረመል መረጃ ለቅጥር ውሳኔ እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2024 ከነርቭ የሚሰበሰብ መረጃን በግላዊነት ሕጋቸው ሸፈኑ። እነዚህ የሚጠብቁት መረጃን ነው፤ ነርቭህን አስነካ የሚል አሠሪን እምቢ ያለ ሠራተኛ እንዳይባረር የሚያደርግ ግልጽ ድንጋጌም ያስፈልገናል። የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀጣዩ ስብሰባ ጥር 2027 ይከፈታል። የመምረጥ መብት ያላችሁ የዳላስ ወገኖች፣ የወረዳችሁን ተወካይ ስም ፈልጋችሁ ይህን ጥያቄ ከአሁኑ በጽሑፍ አድርሱት።