አዲሱ የፖሊዮ ዝርያና ያልተከተቡ ልጆቻችን

የፖሊዮ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ከወላጆች ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንዱ «ልጄ ተከትቧል፤ አሁን ደግሞ ለምን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ «በሽታውን የሚያመጣው ክትባቱ ራሱ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ሁለቱም በቂ መልስ ይገባቸዋል።

በአፍ የሚሰጠው ጠብታ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ አለው። ሕፃኑ ከወሰደው በኋላ ቫይረሱ ለጥቂት ሳምንታት በአንጀቱ ተራብቶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። አብዛኞቹ ልጆች በተከተቡበት ሰፈር ማረፊያ ስለማያገኝ ይጠፋል። ብዙዎች ባልተከተቡበት ግን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ለብዙ ወራት ይተላለፋል፤ በዚህም ጊዜ ጥቂት በጥቂት እየተለወጠ ሽባ የማድረግ ኃይሉን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። አዲሱ ዝርያ የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ መነሻው ከጠብታው ቢሆንም፣ ጊዜና መንገድ የሚሰጠው የተከታቢዎች ማነስ ነው።

አገራችን ይህን አይታለች። የተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ በሶማሌ ክልል ነበር። በ2019 ግን የተለወጠው ዓይነት 2 ቫይረስ በዚያው ክልል ታየ፤ ወደ ሌሎች ክልሎችም ደረሰ። ዓይነት 2 በ2016 ከመደበኛው ጠብታ በዓለም ሁሉ ስለ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች አንጀት ለዚህ ዓይነት ያለው መከላከያ አነስተኛ ነው። መርፌው ልጁን ከሽባነት ይጠብቃል እንጂ ቫይረሱን በአንጀት ይዞ ወደ ሌላ እንዳያስተላልፍ የሚያግደው በጥቂቱ ነው። «ልጄ ተከትቧል» ለሚለው ወላጅ መልሱ ይኸው ነው። ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የዓይነት 2 ጠብታ ደግሞ በቀላሉ እንዳይለወጥ ተሻሽሎ የተሠራ ነው።

የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ያሟሉት በአዲስ አበባ 89 በመቶ፣ በኦሮሚያ 25 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህ የዛሬን ቁጥር ወይም የአንድን ከተማ ሁኔታ ለብቻው አይነግረንም፤ ልዩነቱ ግን ያስተምረናል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያሉት ለገዳዲ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሁለቱ መካከል ይገኛሉ። ጠዋት አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው፤ ከገጠር መጥቶ ቤት የሚከራየውም እንዲሁ። አዲስ የመጣው ቤተሰብ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መዝገብ ላይ ገና ላይኖር ይችላል። የከተማው አማካይ ቢያምርም፣ ያልተከተቡ ልጆች የተሰበሰቡበት አንድ መንደር ለቫይረሱ በቂ ነው።

ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ቤተሰቦች ታውቃቸዋለች። ሕፃን ለጌታ ሲቀርብ የክትባት ካርዱን እንጠይቅ፤ ጠብታው ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት መሰጠቱን እንይ። የዘመቻ ቀን ሲደርስ በእሑድ ጉባኤ እናሳውቅ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሁሉ ቀድሞ ቢከተቡም ይውሰዱ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ከዛለ ሳይውል ሳያድር ለጤና ተቋም ይነገር።

ስለ ልጆቻችን እንጸልያለን። የጎረቤታችንም ልጅ ጠብታውን እንዲያገኝ በሩን እናንኳኳ። ጌታ ይባርካችሁ።