ክረምቱን ቤት ውስጥ ለመንዳት የቱን ዕቃ እንግዛ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው ወይ ሥራው አስገድዶታል፣ ወይ እልኸኛ ነው። አብዛኞቻችን የእሁድ ጠዋት ነጂዎች ከሁለቱም ወገን አይደለንም። ሰኔ ሲጋመስ ሳይክሉን ኮሪደር ላይ እናቆመዋለን (የቤታችንን ኮሪደር ማለቴ ነው)፣ እርጥብ ፎጣ እናሰጣበታለን። ከመስቀል በኋላ አቧራውን ጠርገን ወደ ሱሉልታ ስንወጣ እግራችን የሌላ ሰው እግር ይሆንብናል። ሰውነት ውለታ አያውቅም። ሁለት ሦስት ሳምንት ጭራሽ ካረፈ፣ በስንት መከራ ያጠራቀምነው ትንፋሽ መቀነስ ይጀምራል። የእኛ ክረምት ደግሞ ሦስት ወር ነው።

‹‹ታዲያ ዝናብ ላይ ንዳ!›› የሚሉ ጀግኖች አሉ። አከብራቸዋለሁ። ጎርፍ የሸፈነውን ክዳን አልባ ጉድጓድ ግን አላምነውም። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ቤት ውስጥ ስለሚነዱ ዕቃዎች ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ‹‹የቱን ልግዛ?›› የሚል መልዕክት ከወዳጆች ይደርሰኛል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ውድ ዕቃ ፎቶ ጋር። እኔም በጥያቄ ነው የምመልሰው። ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው? መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ ይሄድባችኋል? ሳይክልህስ ምን ዓይነት ነው? የዕቃው ዋጋ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ከሳይክሉ እንጀምር። ጂም ቤት የምናውቀው ባለ ሰፊ መቀመጫ ሳይክል ላብ ያስወጣል፤ ለጀማሪና ከጉዳት ለሚያገግም ሰው ክፉ አይደለም። ግን አቀማመጡ ከራሳችሁ ሳይክል ጋር አይገናኝም፤ መስከረም ላይ ወገብና ጉልበት እንደ አዲስ መልመድ ሊኖርባቸው ነው። ከባድ የብረት መዘውር ያለው (መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት ዓይነት) የስፒኒንግ ሳይክል ይሻላል፤ መቀመጫውም መሪውም እንደ ቁመታችሁ ይስተካከላል። አንድ ነገር ግን ዕወቁ። በብዙዎቹ ላይ መዘውሩና ፔዳሉ የተያያዙ ናቸው። በፍጥነት እየነዳችሁ ድንገት እግሬን ላቁም ብትሉ፣ ፔዳሉ እግራችሁን ይዞ መዞሩን ይቀጥላል። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ መቀነስ ወይም የፍሬኑን ማጥበቂያ ወደታች መጫን ነው መፍትሔው። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የራሱ ሳይክል ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ትሬነር ነው። ቀላሉ ዓይነት ታጣፊ የብረት ማቆሚያ ነው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቶ ይይዘዋል፣ ጎማው አንዲት ትንሽ ሮለር ላይ ተጭኖ ይሽከረከራል። ሮለሯን የሚያከብዳት ማግኔት ወይም በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ነው። ማግኔቱን ብዙ ጊዜ መሪው ላይ በሚታሰር ማስተካከያ ታከብዱታላችሁ። ፈሳሹ ግን በፈጠናችሁ ቁጥር በራሱ እየከበደ ይሄዳል፤ ስሜቱም ወደ አስፋልቱ ይጠጋል። ሁለቱም ሶኬት አይፈልጉም። ይህችን ዓረፍተ ነገር አስምሩባት።

ማቆሚያ የሌላቸው፣ ሳይክሉ ሦስት በርሜሎች ላይ እንዲሁ የሚነዳባቸው ሮለሮችም አሉ። ሚዛን መጠበቅን እንደነሱ የሚያስተምር የለም። ጀማሪ ከሆናችሁ በር መቃን መሃል ሆናችሁ ሞክሩት፤ ስትወድቁ ግድግዳው ይይዛችኋል።

ፎቶው የሚላክልኝ ግን ስማርት የሚባለው ትሬነር ነው። በጥሩዎቹ ላይ የኋላው ቸርኬ ይወልቅና ሳይክሉ በቀጥታ ይገጠማል። በብሉቱዝ ከስልካችሁ ጋር ያወራል፣ ስክሪኑ ላይ ዳገት ሲመጣ ራሱ ይከብዳል፣ ጉልበታችሁን በዋት ይነግራችኋል። የልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የዓለም ብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የኢ-ስፖርት የዓለም ሻምፒዮና ዝዊፍት በተባለው መተግበሪያ ላይ አካሂዷል። ተወዳዳሪዎቹ ከየቤታቸው ነው የነዱት። በሴቶች ያሸነፈችው ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ሙልማን ፓሲዮ ናት፤ በወንዶች ደግሞ ጀርመናዊው ቀዛፊ ጄሰን ኦስቦርን። ከዚያ በፊት በ2016 አውስትራሊያዊው ማቲው ሄይማን የካቲት መጨረሻ ላይ ውድድር ውስጥ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ትሬነር ላይ ሲለማመድ ከረመና በሚያዝያ 10 ፓሪስ-ሩቤን፣ 250 ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን ያንን የድንጋይ ንጣፍ ውድድር፣ ቶም ቦነንን ቀድሞ አሸነፈ። 37 ዓመቱ ነበር። ‹‹ቤት ውስጥ መንዳት ምን ዋጋ አለው?›› ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ታዲያ ስማርቱን ለምን ለሁሉም አልመክርም? ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ወዳጅ አለኝ። አሜሪካ ያለች የአክስቱ ልጅ ስትመጣ ይዛለት መጣች። ዕቃው ብቻውን ሃያ ኪሎ ስለሚጠጋ፣ 23 ኪሎ የሚፈቀድለት ሻንጣ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረውም (የእናቱ ጫማ ሳይመጣ ቀረ፤ ወሬው እስከዛሬ አልበረደም)። ሊገጥም ሲል ደግሞ የሳይክሉ የማርሽ ቁጥርና የኋላ አክሰሉ ከትሬነሩ ጋር አልገጥም አሉ፤ ሌላ ወጪ። ተስተካክሎ በሁለተኛው ሳምንት፣ ስክሪኑ ላይ የፈረንሳይ ተራራ እየወጣ ሳለ መብራት ሄደ። ተራራውም አብሮ ሄደ። ዋይፋዩም እንደዚያው። መተግበሪያው በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት መሆኑን አልጨመርኩም። አንዳንድ ሞዴሎች ያለ መብራትም በመጠኑ ይሠራሉ። ስለዚህ መግዛታችሁ ካልቀረ ‹‹ሶኬቱ ሲነቀል ይከብዳል ወይስ ባዶውን ይዞራል?›› ብላችሁ ጠይቁ።

የወዳጄ ጉዳይ በዚህ አላበቃም። አንድ ቀን ማታ ከታች ፎቅ ያሉ እናት በሩን አንኳኩ።

‹‹ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?››

‹‹ኧረ እማማ፣ ሳይክል ነው።››

‹‹ሳይክል? ታዲያ ለምን አይሄድም?››

ስቀው ነው የተለያዩት። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ታች ያለውን ሰው የሚረብሸው በአየር ከሚሄደው ድምፅ ይልቅ በወለሉ የሚወርደው ንዝረት ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ተገጣጣሚ ስፖንጅ ሁለት ድርብ አድርጋችሁ ከትሬነሩ እግር ሥር አንጥፉ። ጎማ ሮለር ላይ ለሚዞርበት ቀላሉ ትሬነር ደግሞ ትልቁ ጠላት ጎርባጣ ጎማ ነው። እዚህ አገር ብዙዎቻችን የምንነዳው የተራራ ሳይክል ስለሆነ፣ ጎማው ሮለሯ ላይ እንደ ትራክተር ይጮሃል። ያለቀ ለስላሳ ጎማ ከሳይክል ጠጋኝ በርካሽ ፈልጉና ለክረምቱ የኋላውን ቀይሩ። ጎማው በመፋተግ ስለሚያልቅ አዲሱን አታባክኑበት። ከመንዳታችሁ በፊትም ነፋሱን ሙሉት፤ የላላ ጎማ ይንሸራተታል፣ ይግላል። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ አለመንዳት ደግሞ የጉርብትና ጉዳይ ነው።

ስለ ሙቀት ብዙ ሰው አያስብም። ከምታወጡት ጉልበት ሩብ ያህሉ ብቻ ነው ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው፣ የቀረው ሙቀት ነው። ውጪ ስትነዱ ነፋሱ ይወስደዋል፤ ቤት ውስጥ ግን ላያችሁ ላይ ይቀራል፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የደከማችሁ ይመስላችኋል። የሐምሌ ብርድ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። መስኮቱን ክፈቱ፣ ቬንትሌተር ካለ ፊት ለፊት አድርጉ። መሪው ላይ ፎጣ ጣሉ፤ ላብ ጨው ነው፣ ብሎኑን ዝም ብሎ ይበላዋል።

የዋት ቁጥር የሚያሳይ ዕቃ ካላችሁ፣ ዋሽንግተን ካለ ዘመድ ጋር አትወዳደሩ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ሳንባችን የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ ቁጥራችንም ያንሳል። የ20 ደቂቃ ሙከራችሁን እዚሁ ሠርታችሁ ልምምዱን በራሳችሁ ቁጥር አስተካክሉ።

ቁጥር የሌለው ትሬነር ያላችሁም አትዘኑ። ስልካችሁ ብዙ ይሠራል። ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የምትቆጥር ትንሽ ሴንሰርና ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ በብሉቱዝ ይገናኛሉ። እነሱም ባይኖሩ የስልኩ ሰዓትና ምላሳችሁ አሉ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ወሬ እያወራችሁ ንዱ። ከዚያ ለአራት ደቂቃ ከሁለት ከሦስት ቃል በላይ መናገር እስኪያቅታችሁ ግፉ፣ ሦስት ደቂቃ እረፉ፣ አራት ጊዜ ድገሙት። ማብረጃውን ጨምሮ ከሃምሳ ደቂቃ አያልፍም። በሳምንት ሁለት ቀን ይህን፣ አንድ ቀን ደግሞ ቀድማችሁ ያወረዳችሁትን ፊልም እያያችሁ ቀስ ብላችሁ። መብራት ቢሄድ እንኳ የስልኩ ባትሪ ያዳርሳል።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ሮለሯን በእጃችሁ አሽከርክሩና ጆሮ ስጡ፤ የሚያንኳኳ ወይም የሚንገራገጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ፈሳሽ ካለው ሥሩን በሶፍት ጥረጉት፤ ዘይት ከያዘ ተዉት። ከአሜሪካ የመጣና በሶኬት የሚሠራ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ‹‹100-240›› ካለ ችግር የለም፤ 110 ወይም 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

ካልቸኮላችሁ ደግሞ ጥቅምት ላይ ግዙ። ሰኔ ላይ በጋለ ስሜት የተገዛው ሁሉ ያኔ ለሽያጭ ይወጣል። ሻጩም ኮሪደሩን ማስለቀቅ ስለሚፈልግ በዋጋ ብዙም አይከራከርም።